የጌዚኔ ጭረት

ጌዚኔ ቮልተርስ በምዕራብ ጀርመኑ ፋብሪካችን ሃያ ሁለት ዓመት የሞተር ጎማ ስትፈትሽ ኖራለች። የመኪና ሞተር የሚቀመጥበት ጎማ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የታሸገው ፈሳሽ የሞተሩን ንዝረት ያበርደዋል። ጎማውን የሚንቀጠቀጠው መፈተሻ ላይ አስራ መዳፏን ስታሳርፍበት፣ የተበላሸ ከሆነ ከመለኪያው መርፌ በፊት እጇ ያውቀዋል።

የበርሊን ግንብ በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት የሚወድቁት ጎማዎች በዙ። ፈሳሹ ውስጥ አየር እየገባ ነው። ኤግበርት የሚባል ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከማግደቡርግ የመጣ ሰው ደግሞ ጎማዎቹ ፈሳሽ የሚሞሉበት ገንዳ ላይ ከተመደበ ገና ወሩ ነው። ብቻውን ይበላል፤ ሰው ሲጠጋው ደብተሩን ይዘጋል።

«ይሄ ሰውዬ አላማረኝም» አለችው ለማይኖልፍ። ማይኖልፍ እዚያው ገንዳ ላይ የሚሠራ፣ የልጇ የክርስትና አባት ነው።

«የምሥራቅ ሰው አይደል? እዚያ የለመደውን ነው የሚሠራው። ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ» አላት ዳቦውን እያኘከ።

ጠዋት ቀድማ ገብታ፣ የሚወድቁት የሱ መሆናቸውን ለመለየት፣ በኤግበርት በኩል የተደረደሩትን፣ ጎማው የሚገጠምባቸውን የብረት ቀፎዎች ከታች በኩል በምስማር ጫረቻቸው። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ጎማ ወደቀ። አንዱም ላይ ጭረት የለም።

መጀመሪያ የመጣላት፣ ሰውዬው ነቅቶባት ቀፎዎቹን ቀያይሯል የሚል ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ጠበቀች። ኤግበርት ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ፣ አየር እንዳይገባበት ጎማውን ከቀፎው ጋር እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ይገጥማል። ማይኖልፍ ግን ከፈሳሹ በላይ፣ አየር ላይ ነው የሚገጥመው፤ አየሩ የሚገባው ከዚያ ነው፤ ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ብሎት ጥርሱን ነክሷል።

«የትከሻህን ነገር ለምን አልተናገርክም?» አለችው።

«ያሰናብቱኛላ። አንቺስ፣ እኔን ነው የምትሰልዪው?»

«ይሄ ጎማ የሰው መኪና ላይ ነው የሚገጠመው። እስከ ዓርብ ራስህ ንገራቸው።»

ዓርብ አለፈ። ሰኞ እሷ ለአለቃው ተናገረች። ማይኖልፍን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወሩት፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ባለችበት ጠረጴዛ ተቀምጦ አያውቅም። ለልጇም ሠርግ አልመጣም።

ኤግበርትን ይቅርታ ልትጠይቀው ሄደች።

«ቀፎዎቹን የጫርኩት እኔ ነኝ። ጠርጥሬዎት ነበር።»

«አይቻለሁ፣ ወይዘሮ ቮልተርስ።» ደብተሩን ገለጠላት፦ በየቀኑ የወደቁት ጎማዎች ቁጥር፣ አጠገቡ የሷ ስም። «እኔ ደግሞ መፈተሻውን የሚያበላሹት እርስዎ ነዎት ብዬ ስከታተልዎት ነበር።»

ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ሁለት ቀን ዘለዋል» አለችው።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ ኤግበርት፤ ደብተሩንም ዘጋው።