የማራገቢያው ቁልፍ

ሬዲዮ ተበላሽቶበት ፒያሳ የወጣ የአዋሳ ሰው ሞገስን ያውቃል። እጁ ጥሩ ነው፤ ቅናቱ ግን አያድርስ! ሚስቱ ሮማን ከሥጋ ሻጩ ጋር ስለ አጥንት ስትከራከር ሻጩ ለምን ሳቀ ብሎ ራት የማይበላ ሰው ነው። እኔ ምስክር ነኝ፤ የእሱንና የእኔን ሱቅ የሚለየው ቀጭን ጣውላ ስለሆነ ሲተነፍስ እንኳ ይሰማኛል።

ሮማን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር መጣለት፤ ከኮምፒውተሩም ጋር ተፈራ የሚባል ሸበላ የአዲስ አበባ ልጅ። እሱ ሊያስተምር፣ እሷ ልትማር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የራት ወሬ ሁሉ «ጓድ ተፈራ እንዲህ አለ፣ ጓድ ተፈራ እንዲህ አደረገ» ሆነ። የሞገስ ቆሽት አረረ።

አንድ ቀን ሮማን፣ «ማሽኑ ውስጥ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አለ፤ ጩኸቱ ራሴን አዞረው። ጓድ ተፈራ እንኳ ምንም ማድረግ አይቻልም ብሏል» አለች።

ያቺ «እንኳ» ሞገስን ወጋችው። «እኔ እሠራልሻለሁ» አላት።

«አንተ? ሬዲዮ እኮ አይደለም፣ ሞጌ!»

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ፣ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል!» እያለ የመበየጃ ካውያውን ሲያግል ሰማሁት።

ለሙከራ የሚሆን ትርፍ ማራገቢያ ሮማን ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቅዳ አመጣችለት። ሐሳቡ የማራገቢያውን ፍጥነት በቁልፍ ቀንሶ ጩኸቱን ማብረድ ነበር። መጀመሪያ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ በቀጥታ ከማራገቢያው ጋር አገናኘው። ቁልፉ የኤሌክትሪኩን ጭነት አልቻለም፤ ጨሰ፣ ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። ከዚያ ጭነቱን የሚሸከም ትራንዚስተር ጨመረና ቁልፉን አዛዥ ብቻ አደረገው። ትራንዚስተሩ ሲግልበት ከድስት ክዳን በቆረጠው አሉሚኒየም ላይ በብሎን አሰረው። ደግሞ ቁልፉን በጣም ሲቀንሰው ማራገቢያው ቀጥ አለ። ማራገቢያው ከቆመ ማሽኑ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከዚያ በታች እንዳይወርድ መገደቢያ ሬዚስተር አስገባ። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ሥራ ነው። እሱ ግን ሲበይድ የሚታየው ሽቦው ሳይሆን ተፈራ ሲያፍር ነበር።

ሊገጥመው ሲሄድ ዕቃ ልያዝልህ ብዬ ተከተልኩት። ይህን ማን ይተዋል? ሮማን የምትሠራበት ክፍል ውስጥ ስንገባ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

«ጓድ ተፈራ! መጡ!» ብላ ሮማን ጮኸች።

«እሺ፣ ጓዲት ሮማን!» ብሎ እሱም ጮኸ።

ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ምሥጢር ማውራት አይታሰብም። ሞገስ ማሽኑን አጠፋ፣ ገጠመ፣ አበራና ቁልፉን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረው። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ተፈራ ማፈሩ ቀርቶ አጨበጨበ። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» አለ። ጋሼ መባሉ ደግሞ ሌላ እሳት ሆነበት።

ሮማን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባሌ ይችላል ብዬህ አልነበር፣ ተፌ?» አለች።

እኔ «ባሌ» ማለቷን ሰማሁ። ሞገስ የሰማው «ተፌ»ን ብቻ ነው። ጓድነቱ የት ሄደ? ፊቱ ከሰል መሰለ።

«እንዳይግል ትንሽ ልጨምርለት» አለና ቁልፉን ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዞረው። ጩኸቱ ተመለሰ። ተፈራ አንድ ነገር አላት፤ አልሰማችውም። ወንበሩን አስጠጋና ጆሮዋ ሥር ደገመላት። ሮማን ሳቀች።

ሞገስ ደንግጦ ቁልፉን ወደ ግራ መለሰው። ጸጥ ሲል ሳቋ ጥርት ብሎ ተሰማ።

እኔ ዕቃውን ሰብስቤ በሩ ላይ ጠበቅሁት። «እንሂድ እንጂ፣ ሞገስ» ብዬ ብጠራውም አልሰማኝም። ግራ ሲያዞረው «ተፌ»፣ ቀኝ ሲያዞረው ጆሮ ሥር፤ እጁን ከቁልፉ ላይ ማንሳት አቅቶት ነበር።