የወንድሜ ወረቀቶችና ለቅሶ ደራሾቹ

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ፖል ከተማ ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ፣ ጋሽ ታዬ ጎረድ ጎረዱን እያጣጣሙ፣ "ለመሆኑ ሰናይት፣ ያ ወንድምሽ ዳንኤል ያን ሁሉ ተምሮ ምን ሠራ?" አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ስቄ አልፈው ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን አልቻልኩም።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም። እዚሁ ስደት አገር፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንዲት ጠባብ አፓርታማ እንኖር ነበር። እኔ አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ እሱ የጥንቱን የቻይና ጦር ታሪክ ያጠናል። የጦር ታሪክ ሲባል ለሰው የሚታየው ጎራዴና ፈረስ ነው። ዳንኤልን የያዘው ግን የስንቅ ነገር ነበር፤ ድንበር ላይ የሰፈረ ወታደር ራሱ አርሶ ሲበላ ገበሬው ከዝርፊያ ይድን ይሆን? "የኛ አያቶች እኮ ወታደር ሲያልፍ እህል ይደብቁ ነበር" ይለኛል፣ ሽሮው እሳት ላይ እያረረበት። ቻይንኛውን ለመማር ዓመታት ፈጅቶበታል። መጽሐፍ ጀምሮ ነበር፤ የሚጽፈው በእጁ፣ የቻይንኛውንም ፊደል እየገለበጠ ስለነበር ወረቀቱ ሳሎኑን ሞልቶት በጎን በጎን ነበር የምንራመደው።

አንድ ማለዳ፣ ውጭው በረዶ በበረዶ ሆኖ ሳለ፣ በራችን ተንኳኳ፤ ስከፍት ጋሽ ታዬን ጨምሮ ብዙ ያገራችን ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ያን ያህል ሰው ማልዶ ሲመጣ መርዶ መሆኑን ማን ያጣዋል? አገር ቤት ያለችው እናታችን አርፋ ነበር። እኔና ዳንኤል መኝታ ቤት ውስጥ ሰው ይዞን ስንጮህ፣ ወንዶቹ በጋሽ ታዬ አዛዥነት ለለቀስተኛው መቀመጫ እንዲሆን ሳሎኑን ባዶ አደረጉት።

በማግስቱ ሰው ሲቀንስ፣ ዳንኤል ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ዙሪያውን አየ። "ወረቀቶቼስ?"

"ሊቪንግ ሩሙን ክሊን አደረግንላችሁ እኮ!" አሉ ጋሽ ታዬ። "የቻይና ሬስቶራንት ሜኑ ሞልቶት ነበር። ጣልነው።"

በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ሮጥኩ። የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ገልብጦ ሄዷል። ተመልሼ ልጮህባቸው ስል ዳንኤል ክንዴን ያዘኝ። "ተይ፣ ለእናታችን ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች ናቸው" አለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ "እግዜር ይስጥልን፣ ክፉ አይንካችሁ" እያለ አንድ በአንድ ሸኛቸው። ጋሽ ታዬንም ጭምር።

አብሮህ ሊያለቅስ የመጣን ሰው አትቆጣውም፤ ደንባችን ነው። ግን የሰውን ልፋት ገንዳ ውስጥ ከተው፣ ተመርቀው የሚወጡበት ደንብ ምን ዓይነት ደንብ ነው? ያላወቅነውን ጽሑፍ ሁሉ ሜኑ ነው ያለን ማነው? ዳንኤል እንደገና ሊጀምር ሞክሮ አልሆነለትም። ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል። መንዳቱ ነውር የለበትም። እኔን የሚያበግነኝ ጠያቂው ነው።

ያኔ ለቅሶ ላይ ስለነበርን ዋጥኩት። ቅዳሜ ዕለት ግን የሞተ ሰው አልነበረም።

"ጋሽ ታዬ" አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፤ "ወንድሜ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። እርስዎ ጣሉበት።"

ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ "ምነው ሰኒ፣ በሰው ክርስትና ላይ እንዲህ ይባላል?" ብላ ጎሸመችኝ።

በለቅሶ አይባልም፤ በክርስትናም አይባልም። ታዲያ መቼ ነው የሚባለው?