የተመረቀው ሊከን

ደርቋል፣ አብቅቶለታል ብለው ያስቀመጡት ነገር ዐይንዎ እያየ ሲነቃ አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም መንቃት በማይገባው ቀን።

በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ ለጋ መምህር ነበርሁ። በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚለጠፈውን፣ ሻጋታ የሚመስለውን ግራጫ ነገር ያውቁታል፤ ሊከን ይባላል። አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና ዋቅላሚ የሚባል አረንጓዴ ደቂቅ አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ ዋቅላሚው ምግቡን ያዘጋጃል። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! በዐይኔ ግን አላየሁትም። በእኛ ማይክሮስኮፕ የሚታየው አረንጓዴ ብዥታ ብቻ ነበር።

አንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። እዚያ ከእኛው እጅግ አብልጦ የሚያጎላ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አለ።

"በደንብ የደረቀ ናሙና ከሰጠኸኝ ፎቶውን አመጣልሃለሁ። እርጥብ ከሆነ አልወስድም" አለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መሣሪያው ውስጥ አየር የለም፤ እርጥብ ነገር ከገባ ውሃው ይተንና ናሙናው ይጨማደዳል።

በክረምት፣ ጣና ዳር፣ ማድረቅ! ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ውሃ ያዝል ነበር። ሊከኑን በምላጭ አነሣሁ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከደንሁት። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ጠጠሩ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው፤ ወደ ሮዝ ካደላ ጠግቧልና አውጥቼ አሞቀዋለሁ። ሳስተምር ሐሳቤ ጠርሙሱ ጋ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ አወጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባልደረባዬ የሚሄድበት ዕለት ጠዋት ሊከኑ እንደ ብስኩት ደርቆ ነበር። ወደ ትንሽ ቆርቆሮ ሳዛውረው ጎረቤቴ መሪጌታ ገቡ። ሊከኑን ያነሣሁበትን፣ ከደብራቸው ቅጥር ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

"እስቲ፣ የዛፋችን እከክ የት ደረሰ?"

"ውጭ አገር ሊሄድ ነው፣ የኔታ። እዚያ በስስ ወርቅ ይለብጡታል።"

"ወርቅ! የእኛ ካባ ተቀዶ እከኩ ወርቅ ይልበስ?"

ያለ ወርቁ ፎቶው ጥርት ብሎ እንደማይወጣ እያስረዳሁ ቆርቆሮውን አስጠጋሁላቸው። የኔታ ደግሞ መንገደኛን ሳይመርቁ አይሸኙም። "በሰላም ግባ፤ ከክፉ ይሰውርህ" አሉና ጎንበስ ብለው፣ "እንትፍ! እንትፍ!" አሉበት።

ሊከኑ ጠጣው። ግራጫው ሲርስ ከሥሩ ያለው ዋቅላሚ ታየና ዐይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነ።

"ምነው ደነገጥህ? የሞተው እኮ ነው የተነሣልህ!"

"ችግሩ እሱ ነው፣ የኔታ!"

ምራቁ የነካውን ሁሉ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። የተረፈችው ከጥፍር የምታንስ ደረቅ ቁራጭ ናት። እየሮጥሁ ወሰድሁለት። ባልደረባዬ ጠርዟን በጣቱ ሰበር አደረገ፤ ቀጭ አለች።

"ትበቃለች" አለ።

ክረምቱ ሲወጣ ፎቶው መጣ። የፈንገሱ ክሮች ድቡልቡሉን ዋቅላሚ አቅፈው፣ በጠመኔ ከሣልሁት ሁሉ ይበልጥ ተጣብቀው ይታያሉ። ለየኔታ ወስጄ አሳየኋቸው።

"ይህ ያልተመረቀው ነው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"የእኔውሳ?"

የእሳቸው መስኮቴ ላይ ነበር፤ ደርቆ ተመልሶ ግራጫ ሆኗል።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ከግንብ ላይ የደረቀ ሊከን ቆንጥረው ነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ፤ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርገው ዐይንዎን ሳይነቅሉ ይዩት። ውሃ ካጡ እንትፍ ይበሉበት።