የአክስቴ የደመቀች የምሥጢር ቁጥር

አክስቴ ደመቀች ዕድሜዋን ለማንም አትናገርም። የቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ ጸሐፊው «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ቢላት «ምነው፣ ልትድረኝ አሰብክ?» ብላ አፉን አስያዘችው። እሱም ደስ ያለውን ቁጥር ሞልቶ ሸኛት።

ላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ አጠገብ ጧፍ ትሸጣለች። ሰሙን ራሷ ታቀልጣለች፣ ክሩን ራሷ ትነክራለች። ጧፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ታዲያ ሳያስበው የልቡን አራግፎላት ይሄዳል። ልጁ የጠፋበት፣ ሚስቱ ያኮረፈችው፣ ድንበር የገፋው ሁሉ ይነግራታል። እሷ «ይሁን» ብቻ ትላለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአክስቴን ግን ብቅልም አላወጣውም። እናቴ፣ የገዛ እህቷ፣ «ድንጋይ እንኳ ሲመቱት ይጮኻል» እያለች ተበሳጭታባት ነው የሞተችው።

የደወሉ ገንዘብ ለእሷ የተሰጠውም በዚህ ጠባይዋ ነው። ደብራችን ሚካኤል ከአሸተን ማርያም ጀርባ ነው። የድሮው ደወላችን ከተሰነጠቀ ወዲህ ከወይራው ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ ሰቅለን ስንደበድብ ኖረናል። የማዶ ደብር ሰዎች ገበያ ላይ ባገኙን ቁጥር «ሚካኤሎች፣ ጎማው ተነፋ?» ይሉናል። ለሰሚው ቀልድ ነው። በገና ሌሊት ቸርኬ ሲደበደብ ለሚሰማ ሰው ግን ያናድዳል፤ እኔን ያናድደኛል።

በመጨረሻ ደብሩ መከረና «ደወል ይገዛ፣ ግን ከኢየሩሳሌም» አለ። ከመርካቶ ብንገዛ የማዶዎቹ ሌላ ስም ሊያወጡልን ነው። በግ የሸጠ በግ፣ ገብስ የሸጠ ገብስ ብሎ አዋጣ። አክስቴ ደግሞ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የቆየ ስለት ስለነበረባት ደወሉን እሷ እንድታመጣ አደራ ተሰጣት። «ያለ ደወል ብመጣ በዚህ በር አታስገቡኝ» ብላ በሕዝብ ፊት ቃል ገባች። እኔ አስጎብኚ ስለሆንኩና ቋንቋ ስለማውቅ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ። ገንዘቡን ግን ለእኔ አልሰጡኝም። ሃያ ዓመት የፈረንጅ ቦርሳ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሳንቲም አጉድዬ አላውቅም። «ምሥጋናው ደግ ነው፣ አፉ ግን ክፍት ነው» አሉ፤ እኔው ተቀምጬ እየሰማሁ።

ባንኩ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ሰጣት። የባንኩ ልጅ፣ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ እንድታስገባ ካሳየቻት በኋላ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ይህን የምሥጢር ቁጥር ለማንም እንዳይናገሩ፣ የትም እንዳይጽፉ። ለባልዎም ቢሆን» አለቻት።

«ባል የለኝም።»

«ለልጅዎም።»

«ብረሳውስ?»

«አይርሱት» አለቻት። ምክሩ ይኸው ነበር።

ኢየሩሳሌም የደረስነው በሰሙነ ሕማማት ነው። ደወሉን በማግስቱ አገኘነው፤ በአሮጌው ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ፣ ጠቦት የሚያህል የናስ ደወል። አክስቴ በጥፍሯ ነካ ስታደርገው ድምፁ ሱቁን ዞሮ ዞሮ ቆየ። እሷም አለቀሰች። ሽማግሌው እስከ ቅዳሜ ማታ ሊያቆይልን ተስማማ፤ እኛ የምንመለሰው ሰኞ ነበር።

ከሱቁ ወጥተን ማሽን ፈለግን። አክስቴ ካርዱን አስገባች፣ ቁጥር ነካካች፣ ማሽኑ እምቢ አለ። ደገመች፣ እምቢ አለ። ጽሑፉን አነበብኩላት፤ ሦስተኛ ከተሳሳተች ካርዱ ይዋጣል።

«ቁጥሩ የት ሄደ?» አልኳት።

«አውሮፕላኑ ሲነሣ ከራሴ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰምቶኝ ነበር» አለች።

ባንኩ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ደግሞ ሙዚቃ አሰሙኝ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው «የካርዱ ባለቤት በአካል ቅርንጫፍ ድረስ ይምጡ» ብሎኝ ዘጋ። እንግዲህ ከኢየሩሳሌም ላሊበላ ሄዳ ልትመለስ ነው።

«እውነት ለማንም አልነገርሽም?» አልኳት ተስፋ ቆርጬ።

«ለማንም» አለች። ደግሞ «ለእግዚአብሔር እንጂ» አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የባንኩ ልጅ ማስጠንቀቂያ ስላስጨነቃት የዚያኑ ዕለት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ሄዳለች። ለንስሐ አባት የተነገረ ለሰው የተነገረ አይደለም ብላ፣ ከመስቀላቸው ሥር ተንበርክካ፣ ከሐሜቱና ከቅናቱ መሃል ቁጥሩን ጣል አድርጋላቸዋለች። እሳቸውም ሰምተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለዋታል። ከዚህ የተሻለ ካዝና በላስታ ምድር የለም። አውጣ ሲባል ግን የማይከፈት ካዝና መሆኑን ማን አሰበ?

አባ ስልክ የሚሰማላቸው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። በማግስቱ አገኘናቸው።

«አባ፣ ያን የነገርኩዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አለች አክስቴ።

«በመስቀል ሥር የነገርሽኝን? ይፍታሽ ብያለሁ እኮ ልጄ። የተፈታ ነገር አይነሣም።»

«ቁጥር ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም፣ አባ።»

«ከኃጢአትሽ መሃል አስገብተሽ ነው የነገርሽኝ። እኔ ምኑን ከምኑ ልለይ?»

«የራሴን ነገር እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

«አሁን ያንቺ አይደለም።»

ስልኩን ነጠቅኳትና ደወሉ ሊቀር መሆኑን፣ የደብሩ ገንዘብ፣ የአክስቴ ቃል፣ ሁሉ ካርድ ውስጥ መቆለፉን አስረዳኋቸው። ከአባ በላይ ያን ደወል የሚመኝ ሰው አልነበረም። እንደ ጎማ ሠራተኛ ሌሊት ተነሥተው ቸርኬ ሲደበድቡ ያረጁት እሳቸው ናቸው። «ምሥጋናው ልጄ» አሉኝ፣ «ደወሉን እወዳለሁ። ክህነቴን ግን በደወል አልለውጥም።» እኔ ተናደድኩ። አክስቴ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ናቸው ማለቷ ነበር።

ዓርብ ስቅለት ዋለ። ሕዝቡ ሰግዶ ሰግዶ ሲጨርስ፣ በወይራ ቅጠል ተጠብጥቦ ወደየማደሪያው ሲል፣ ስልኬ ጮኸ። አባ ናቸው። አክስትህን አቅርብልኝ አሉ።

«ደመቀች፣ ስግደት ሰጥቼሻለሁ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ሰባት። አንድም እንዳትቀንሺ፣ አንድም እንዳትጨምሪ» አሉና ዘጉ።

አክስቴ ስልኩን መለሰችልኝ። «ሰው ገድያለሁ እንዴ?» አለች። ወዲያው ግን ነጠላዋን አደግድጋ ጀመረች። ሌላው ሲበላ ትሰግዳለች፣ ሌላው ሲተኛ ትሰግዳለች። ከእኛ ጋር የመጣ ሰጠኝ የሚባል የኩልመስክ ነጋዴ «ስንት ቢሰጧት ነው?» አለኝ። እሷ ወሬያችን ቆጠራውን እንዳያጠፋባት ብላ ሙሉውን ቁጥር ጮክ ብላ ነገረችው። ሰጠኝ ወደ ኋላ ሸሸ። የዚያን ቀን ውኃ እንኳ በሩቅ ነበር የሚያቀብላት። በማግስቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ተጠጋና አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ለገዛ ቄሱ ያልነገረውን ነገር ነገራት። እንዲህ ያለውን ሸክም የቻለች ሴት የእሱንም ትችላለች ብሎ ይሆናል። «ይሁን» አለችውና መስገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ስንት እንደቀራት ጠየቅኳት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት ስለሌለ ጭንቅ ላይ ነበረች። ያደረሰችውን ነገረችኝ፣ እኔም ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ሰባት ልቀንስ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ጽፌ አየሁት። አራት አሃዝ። የባንክ ካርድ ቁጥርም አራት አሃዝ ነው።

«እትዬ» አልኳት፣ «ቀኖና አርባ ነው፣ ሰማንያ ነው፣ መቶ ነው። ሠላሳ ሰባት ብሎ የሚጨርስ ቄስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ግማሽ ላይ ጎንበስ እንዳለች ቆመች። አየችኝ። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ማስተዋል፣ ቀጥሎ ድንጋጤ፣ ከዚያ በዕድሜዬ አይቼባት የማላውቀው ዓይነት ርኅራኄ መጣ። «ዝም በል» አለችኝ። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ማሽኑ ጋ ሄድን። አክስቴ አማተበች፣ ማሽኑንም አማተበችበት። «እኔ በአፌ አልጠራውም፣ አንተም አትጥራው። ጣቴ ከሄደ ይሂድ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና አራት ጊዜ ነካች። ማሽኑ እንደ ወፍጮ አጉረመረመና ገንዘቡን አወጣ። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች እንዲህ ፊቱን አዙሮ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አይተው ስለማያውቁ ገለል አሉ። ደወሉን ሽማግሌው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ገዛነው።

በፋሲካ ማግስት፣ ልንሳፈር ስንል፣ አባን ደወልንላቸው።

«ደወሉ ተገዛ፣ አባ» አለች።

«ተመስገን!» አሉ። እንደ ልጅ ሲስቁ ተሰማኝ።

«እና ያ ስግደት... ይቀርልኛል?»

ሳቁ ቆመ።  እኔ ነገሩን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። «ይቅርልሽ» ካሉ ስግደቱ ቀኖና አልነበረም፣ ቁጥር ነበር ማለታቸው ነው። ቁጥር ከነበረ ደግሞ በመስቀል ሥር የሰሙትን አውጥተዋል። አባ በገዛ ብልሃታቸው ተይዘው ነበር።

«ቀኖና ቀኖና ነው ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ይሁን» አለች አክስቴ።

ደወሉ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ቀን ሲመታ የማዶ ደብር ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ወደ እኛ ሲያዩ አየኋቸው፤ እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ ብሎኛል። ቸርኬውን አንድ ሹፌር ወሰደው።

ጰራቅሊጦስ አለፈ። በማግስቱ አክስቴ የቀረውን ስግደት ልትፈጽም ማልዳ ወደ ሚካኤል ወጣች፤ እኔም ዝናብ ነበርና አደርሳት ብዬ ተከተልኩ። ግቢው ውስጥ፣ በጭቃው ላይ፣ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ይሰግዳሉ። አላዩንም፤ ይቆጥራሉ። በኋላ እንደሰማነው ለራሳቸው ቀኖና ሰጥተው፣ እስኪፈጽሙ ቅዳሴ አልገባም ብለው ነበር። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር አቶ አረጋ «አባታችን፣ ስንት ነው የሰጡት?» ብሎ ቢጠይቃቸው መዋሸት አልቻሉም። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ሰባት አሉት።

ሰጠኝ ደግሞ የአክስቴን ቁጥር በኩልመስክ ገበያ ካወራው ቆይቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንድ መነኩሴና አንዲት ባል የሌላት ሴት፣ እኩል ስግደት፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይበልጥ። ምን እንደተባለ መጻፍ አያስፈልገኝም። በሰባ ምናምን ዓመታቸው! የማዶ ደብር ሰዎች ደወላችንን ሲሰሙ «ሙሽሮቹ ተነሡ» ይሉ ጀመር።

አቶ አረጋ ሽማግሌ አስከትሎ ቤቷ መጣ። «እህታችን» አላት እየተሽኮረመመ፣ «ኧረ ለመሆኑ ምን ሠራችሁ?»

«ደወል ገዛሁ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ንስሐዋን ለሌላ ቄስ እንድትሰጥ ተወሰነባት። ያን ቀን ጮህኩባት። «አንድ ቃል ብቻ እኮ ነው! የካርድ ቁጥር ነው በያቸውና ይለቅ!» አልኳት።

«እኔ ስሜን ላጠራ፣ አባን ከክህነታቸው ላወርድ?» አለች። እኔ አፈ ክፍቱም በዚያ ዘጋሁ። እስካሁን ዘግቼ ኖርኩ፤ አባ ባለፈው ዓመት ስላረፉና እሷም ስለፈቀደችልኝ ነው የምናገረው። ካርዱም ጊዜው አልፎበታል።

ክረምቱን ሁሉ ጎን ለጎን ሰገዱ። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። ሰው በአጥሩ ላይ እየተንጠራራ ያያቸዋል። ነሐሴ ሲገባ አክስቴ የመጨረሻዋን ሰገደች፤ እኔው ነበርኩ አብሬ የቆጠርኩላት። እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ማለዳ ባያት አሁንም ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሚካኤል ትወጣለች።

«አልቋል እኮ!» አልኳት ሮጬ ደርሼባት።

«የእኔስ አልቋል» አለች። «አባ ግን ጉልበታቸው ደክሞ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ብቻቸውን ሲሰግዱ ቢያያቸው ሰው ምን ይላል?»

ሰው ሊል የሚችለውን ሁሉ ብሎ ጨርሶ ነበር። ይህንን ሳልነግራት እስከ ሚካኤል አደረስኳትና የግቢውን በር ከፈትኩላት። እሷም ገብታ ከጎናቸው ሰገደች።