ለከሰዓት ፈረቃ የተቆለፈው ቴሌቪዥን

ልጅን ባላሳዩት ነገር መፈተን በደል ነው። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ስላለችኝም ራሴ እጽፈዋለሁ።

የልጅ ልጄ እዚሁ አሰላ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የከሰዓት ፈረቃ። ሌላ ቦታ ፈረቃ ይዞራል። በእሷ ትምህርት ቤት ግን የሹምና የነጋዴ ልጅ ሁልጊዜ ጠዋት፣ የእኛ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው። ለእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ተብሎ ትልቅ ቴሌቪዥን ሲመጣ የጠዋቶቹ እንስሳቱ ሲሄዱና ሲጮሁ እያዩ ተማሩ። ቁልፉን የያዘው መምህር ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ቆልፎ ይሄዳል። ለእኛዎቹ መምህርታቸው በጠመኔ ትስልላቸዋለች። ምስኪን፣ የሳለችው ዝሆን በሬ ይመስላል።

ፈረቃው ይዙር ብዬ ሄድኩ።

«እማማ፣ ወላጆች አይፈቅዱም» አለኝ ርዕሰ መምህሩ።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎማ አያት ነዎት» ብሎ ሳቀ።

ሰኔ ላይ የጠዋቱም የከሰዓቱም የእንግሊዝኛ ፈተና በቴሌቪዥኑ ሆነ፤ እንስሳው ሲታይ ስሙን መጥራት ነው። በቤታችን ቴሌቪዥን የለም። የልጅ ልጄ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አያቴ፣ ዝሆኑ በኩምቢው ውሃ ረጨ!»

«ስሙን በእንግሊዝኛ ጠራሽ?»

«እያየሁ ነበር እኮ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝንጀሮ መጣ።»

እሱንም አየችው። ሁሉንም አየች፣ አንዱንም አልመለሰችም። እዚያው በረንዳ ላይ ክንዴን እንደ ኩምቢ ባወዛውዝላት ወዲያው ስሙን በእንግሊዝኛ ጠራችው። ታውቀዋለች! ግን ወድቃለች፣ ክፍሉን ትድገም ተባለ።

«መጀመሪያ አሳዩአት፣ ከዚያ እንደገና ፈትኗት» ብዬ ክረምቱን ሙሉ በጭላሎ ተራራ ዝናብ ተመላለስኩ። ዘበኛው «አኮ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው።

«አኮ፣ ዛሬም? እንደ እርስዎ የማይቀር ተማሪ የለንም፤ ዩኒፎርም ያሰፉ እንጂ!»

«አንተ በሩን ክፈት።»

በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ሰለቸውና «እሺ፣ መስከረም ላይ ትፈተናለች» አለኝ። አመንኩት።

መስከረም ላይ ጸጉሯን ጎንጉኜ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«አያቴ፣ ዛሬ ልይ ወይስ ልመልስ?»

«መጀመሪያ እዪ። ከዚያ ትመልሻለሽ።»

ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ልጅቷንም ቀና ብሎ አላያትም።

«እማማ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ስለከረመ ጣሪያው ሲያፈስ ያየ ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ ውሃ ገብቶበት ተቃጥሏል፤ ፈተናውም ቀርቷል፣ ትድገም። ደግሞስ ምን ጎደለብዎ? እኩል ይሁኑ ሲሉ አልነበር? ይኸው፣ ጠዋትም ከሰዓትም እኩል ሆኑ።»