የባሕር ዳርቻው ቤቴ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ቤት አለኝ። ነጭ ነው፤ መስኮቶቹ ሰማያዊ። የሚገኘው ግን እዚሁ ጭሮ፣ ጫት በምንቅምበት በአብዲ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፖስተር ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ምርቃናው ሲመጣ ሁላችንም ፖስተሩ ላይ ወደመረጥነው ቤታችን እንገባለን። ቀድሞ የመረጠ ባለቤት ነው፤ ሕጉን ያወጣው አብዲ ነው።

አንድ ቀን አብዲ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘውን እንግዳ ይዞ ገባ። የዚሁ የእኛ አካባቢ፣ የቦኬ ሰው ነው፤ እዚያው ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ለዓመታት ሠርቶ መመለሱ ነው።

"ፈረንጆቹ ጡረታ ሲወጡ ለፀሐዩ ብለው ይመጣሉ። እኔ አበባቸውን አጠጣ ነበር" አለን።

ቀናሁበት። ቤቴን በጣቴ አሳየሁትና "አንተስ የቱን ትመርጣለህ?" አልኩት።

"እኔማ ከመረጥኩ ቆየሁ" ብሎ ስልኩን አወጣ። ከዳገቱ ላይ የተነሳ የጭሮ ፎቶ ነው። "ይህን አሳጥቤ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌው ነበር። ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ የማየው ያን ሮማን ያለበትን ግቢ ነው።"

ሮማኑ ያለው አሁን የተቀመጥንበት የአብዲ ግቢ ውስጥ ነው።

አብዲ ፎቶውን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ከቦታው ተነሳና የተደገፈውን ትራስ ለእንግዳው ለቀቀለት።