እመት ብርቄ እምቢ ያሉበት ደጅ

በሰቆጣ እንግሊዝኛን ያለ መምህር የተማረ ሰው ቢፈለግ፣ ከእኔ በፊት ስሙ የሚጠራ የለም። የተማርኩት ሽፋኑም መጨረሻውም ከሌለው መዝገበ ቃላት ነው፤ ከአንድ ነጋዴ በማር ለውጬው። ዛሬም መምህራን ሲቸግራቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ፣ «አባባ፣ አዳማንትሊ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለተማሪዎቼ ሊገባቸው አልቻለም፤ እንዴት ላስረዳቸው?» አለኝ።

«አጥብቆ፣ በጽኑ ማለት ነው» አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን የእመት ብርቄ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ዝናብ የከዳን ጊዜ ነበር። ለአንድ ፈረንጅ ሐኪም አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ደሃና ወረዳ በሚወስደው መንገድ የተራቡትን ወደ መጠለያ እንጭን ነበር። በጥቅምት ገብስ ገብስ የሚሸተው አገር አቧራ አቧራ ይሸታል። መንደሩ ተሰዶ አልቋል። እመት ብርቄ ብቻ ጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ሳማ ይቀቅላሉ። ባላቸው እህል ፍለጋ ወደ አበርገሌ እንደወረዱ አልተመለሱም።

«እመት፣ ይነሡ፤ መኪናው እየጠበቀን ነው» አልኳቸው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ? የፈረንጅ አፍ ሆነህ መጣህ?» ብለው ሣቁብኝ። «አልሄድም። ባሌ መጥቶ ባዶ ቤት ያግኝ?»

«እዚህ ከቆዩ ይሞታሉ እኮ።»

«ከሄድኩስ የት ብሎ ይፈልገኛል? አልሄድም አልኩህ።»

«ፈርተው ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን አዎ ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን አዳማንትሊ እምቢ ብለዋል አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ልክ ቦታው ላይ አኖርኩት። ብዙ ሰው ቃሉን የጩኸት ያደርገዋል። እመት ብርቄ እኮ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሳማውን እያማሰሉ ነው የተናገሩት። ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ዱቄት ትተንላቸው ሄድን።

በሌላ ቀን ስንመለስ ደጁ ከውጭ በእሾህ ተዘግቷል። ባልየው ደርሰው አብረው ሄደው ይሆን? ወይስ ዘግይተው ደርሰው፣ ቀብረዋቸው ብቻቸውን ዘግተው ወጡ? የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ዱካ ፈለግሁ፤ ነፋስ ጠርጎታል።

ይህን ለመምህሩ አልነገርኩትም። እኔ መዝገበ ቃላቱን በቃሌ ይዣለሁ። ለሐኪም፣ ለመሐንዲስ፣ ለዳኛ አስተርጉሜያለሁ። እስከ ጽጽቃ ድረስ ሄጄ አስተምሬያለሁ። በየገበያው የእመት ብርቄን ባል ስም እየጠራሁ ጠይቄያለሁ። ጎጇቸው እስክትፈርስ ድረስ ባለፍኩ ቁጥር ደጃቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ እሾኹን ግን አንድም ቀን አላነሳሁም።